ማሳሰቢያ፦ ለሰፈር አበባ ውድድር ዳኞች

በሰፈር፣ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት የአበባ ውድድር ዳኛ ሁኑ ከተባላችሁ አስቀድማችሁ ደንቡን እስከ መጨረሻው አንብቡ። “ሦስት ዘንግ ጽጌረዳ” ከተባለ ሦስት ነው። በእንግሊዝ የገጠር ውድድሮች ቁጥሩን ያልጠበቀ ተወዳዳሪ ካርዱ ላይ “ከደንቡ ውጪ” ተብሎ ይጻፍበትና አይዳኝም። ደግ ልማድ ነው፤ ግን ሌላ ቃል ካልታከለበት ሰው ያስቀይማል። ስለዚህ ምክንያቱን ጨምሩበት፦ “የቀረበው አራት፣ የተጠየቀው ሦስት፤ አበባው ግን ጤነኛ ነው።” ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ አስተባባሪው ዳኝነቱ ሳይጀመር ጠረጴዛዎቹን ዞሮ አይቶ ባለቤቱ እንዲያስተካክል መንገር ነው።

የስም ካርድ ይገልበጥ። የተቆረጠ አበባ ሁሉ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ይቅረብ፤ በሰፈር ደረጃ እኮ ስሙ ቢሸፈንም ጣሳው ባለቤቱን ይናገራል! ዘመዳችሁ ወይም የዕቁብ ጓደኛችሁ ባለበት ምድብ አትዳኙ።

በዘይት ቆርቆሮ የበቀለውን በሸክላ ማሰሮ ከበቀለው አታሳንሱ፤ ደንቡ ለማስቀመጫው ነጥብ ካልሰጠ እናንተም አትስጡ።

በትልቅነት አትደለሉ። እንጦጦ ግርጌ ያለ ጽጌረዳ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በዝግታ ያድጋል፤ ራሱም ይተልቃል። የአዳማው በሙቀቱ ቶሎ ይከፈታል፤ ራሱም አነስ ይላል። በመጠን ብቻ ከዳኛችሁ የሸለማችሁት የአየር ንብረቱን ነው። ይልቅ ከላይ ሆናችሁ መሃሉን እዩ፦ አንድ ጫፍ አለው ወይስ ለሁለት ተከፍሏል? በአንድ ዘንግ የሚቀርብ ጽጌረዳ መልኩ የሚያምረው ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሲከፈት ነው። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ራሱን ይሸከማል ወይ? የአበባው ጠርዝ ቡናማ ሆኗል ወይ? ከውጭ በኩል የተጎዳ አንድ የአበባ ቅጠል ተነቅሎ ብታገኙ እንደ ማጭበርበር አትቁጠሩት፤ ማሰማመር ነው። በእጃችሁ ግን አትንኩ።

ሽልማት አትሰስቱ። እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ለንደን በሚካሄደው የቼልሲ የአበባ ትርኢት ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብር፣ ብርና ነሐስ ይሰጣል፤ ሥራው የሚመዘነው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከተቀመጠው መስፈርት ጋር ስለሆነ በአንድ ዓመት ብዙዎች ወርቅ ሊያገኙ ይችላሉ። ለእኛ ሰፈር ከዚህ የሚሻል ሥርዓት አይታየኝም። አምስት ቤት መስፈርቱን ካሟላ ለአምስቱም ስጡ። መስፈርቱን ያሟላ ከሌለ ግን አንደኝነቱን ባዶ ተዉት፤ የይሉኝታ ወርቅ በሚቀጥለው ዓመት ማንንም አያተጋም።

በልጆች ምድብ የእናት እጅ እንዳለበት ብትጠረጥሩ እንኳ ልጁን በሰው ፊት አትመርምሩት። በአበባ ፊት ቆማችሁም አትሳቁ፤ ባለቤቷ ከኋላችሁ ልትሆን ትችላለች።

ውጤቱ እንደተነገረ ወደ ሻይ አትሩጡ። የነጥብ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ጠረጴዛው አጠገብ ቆዩ፤ “የእኔ ምን ጎደለው?” ላለ ሁሉ “ጥሩ ነበር፣ በርቱ” ብላችሁ አትሸኙት። ወደ አበባው ውሰዱት። ቅጠሉ በቢጫ ነጠብጣብ ተወሮ ከሆነ ገልብጣችሁ ከሥር ያለውን ስስ ድርና ቀይ ሸረሪቷን አሳዩት፤ በበጋ የቅጠሉን ሥር በውሃ ማጠብ እንደሚያሳንሳትም ንገሩት።