ስለ ድረ ገጽ እድሳትና ጥበቃ

ሰው ቤት ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ሥራው አለቀ ብሎ አይቀመጥም። ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ ጣራውን ያያል፤ ምስጥ ምሰሶውን እንዳይበላው ይመረምራል፤ የላላውን መቀርቀሪያ ያጠብቃል። ትምህርት ቤት፥ ክበብ ወይም ማኅበር በራሱ ኃላፊነት የሚያቋቁመው ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። ዳሩ ግን ድረ ገጽ በተመረቀበት ቀን ይጨበጨብለታል እንጂ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ድረ ገጽ ለምን መታደስ እንዳለበት፥ እድሳቱ ቢዘገይ ምን እንደሚያስከትልና ሥራው በትምህርት ቤት ዐቅም እንዴት ሊከናወን እንደሚችል፥ በኮምፒዩተር ክበባችን ውስጥ የተማርኩትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ላስረዳ አስቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ድረ ገጽ ከምን ከምን ይሠራል?

ድረ ገጽን የምናየው በስልካችን ላይ ቢሆንም፥ ራሱ የሚኖረው ሰርቨር በሚባል፥ ሌሊትና ቀን በማይጠፋ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች እንደ ግንብ ድንጋይ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ይሠራሉ። ከሁሉ በታች እንደ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። ከእርሱ በላይ ገጹን ለጠያቂው የሚያቀብለው እንደ አፓቼ ያለ ፕሮግራም፥ ጽሑፉ የሚከማችበት የመረጃ ቋትና ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይገኛሉ። ከእነዚህ በላይ ዎርድፕሬስ ይመጣል። ዎርድፕሬስ በ1995 ዓ.ም. ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል የጀመሩት፥ ማንም ሰው በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት የድረ ገጽ ማዘጋጃ ነው። በመጨረሻም ተጨማሪ አገልግሎት የሚሰጡ ፕለጊኖችና የገጹን መልክ የሚወስኑ ንድፎች አሉ።

እነዚህን ሁሉ የሠሩት የተለያዩ ሰዎች ስለ ሆኑ፥ እያንዳንዱ ለብቻው መታደስ ይኖርበታል። ዎርድፕሬስን አድሶ ፒኤችፒን መርሳት፥ ጣራውን ከድኖ መሠረቱን ጎርፍ ሲበላው ዝም ብሎ እንደ ማየት ነው። ለምሳሌ 7.4 የተባለው የፒኤችፒ እትም ከኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከአዘጋጆቹ የደኅንነት ጥገና አይደረግለትም። ከላይ ያለው ሁሉ ቢታደስም፥ በእንዲህ ያለው አሮጌ እትም ላይ የቆመ ድረ ገጽ በሚገባ ተጠብቋል አይባልም።

ቀዳዳ ማለት ምን ማለት ነው?

ፕሮግራም ሰው የጻፈው ነገር ስለ ሆነ ስሕተት አይጠፋበትም። ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ መልኩን ብቻ ያበላሻሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ለሌባ በር ይከፍታሉ። እንዲህ ያለውን ስሕተት ቀዳዳ እንለዋለን። ነገሩ እንዲገባን አንድ እውነተኛ ምሳሌ ላቅርብ።

በዎርድፕሬስ ውስጥ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥር 123 የሆነውን ጽሑፍ ላርም ብሎ የሚመጣ ሁሉ ፈቃድ እንዳለው መመርመር አለበት። በ4.7 እና በ4.7.1 እትሞች ግን አንድ ሰው ከቁጥሩ ኋላ ፊደል ጨምሮ ቢያቀርብ፥ ፈቃድ የሚመረምረው ክፍል በዚህ ስም የተመዘገበ ጽሑፍ አያገኝም፤ ጽሑፉ ከሌለ የሚከለከልም ነገር የለም ብሎ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ያለው፥ አርሞ የሚጽፈው ክፍል ደግሞ ፊደሉን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ይወስድና የ123ን ጽሑፍ ይለውጠዋል። ይህም በር ላይ የቆመው ዘበኛ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም፤ እንግዲያውስ እለፍ» ብሎ ሲያሳልፍ፥ ውስጥ ያለው አሽከር ደግሞ እንግዳውን እየመራ ወደ ዕቃ ቤት እንደ ማድረስ ያለ ነው።

የዚህ ቀዳዳ ጥገና 4.7.2 በተባለው እትም በጥር 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ወጣ። የዎርድፕሬስ ሰዎች ብዙ ድረ ገጾች እስኪታደሱ ድረስ ስለ ቀዳዳው ዝም ብለው ቆዩና በጥር 24 ቀን ምስጢሩን ገለጡ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ ባልታደሱት ድረ ገጾች ላይ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ገጾች በሌላ ጽሑፍ እንደ ተተኩ ተዘገበ።

ማስታወቂያው ለሁለት ወገን ነው

ብዙ ሰው ጥገና ከወጣ አደጋው አለፈ ብሎ ያስባል። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት፥ ላላደሰ ሰው ትልቁ አደጋ የሚጀምረው ጥገናው በወጣበት ቀን መሆኑን ነው። ጥገናው በይፋ ሲወጣ ቀዳዳውም በይፋ ይታወቃል። ሌባው አሮጌውን እትም ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ የተለወጠውን መስመር ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ያላደሰውን ሰው መፈለግ ነው። እንግዲህ ያው አንድ ማስታወቂያ ለባለቤቱ «መቀርቀሪያህን ለውጥ» ሲለው፥ ለሌባው ደግሞ «መቀርቀሪያው እንዲህ ይከፈታል» ይለዋል ማለት ነው።

ጊዜው ምን ያኽል አጭር እንደ ሆነ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አለ። ድሩፓል የተባለው የድረ ገጽ ማዘጋጃ በጥቅምት 5 ቀን 2007 ዓ.ም. ከባድ ቀዳዳ እንደ ተገኘበት አስታውቆ ጥገናውን አወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደኅንነት ክፍሉ ባወጣው ማሳሰቢያ፥ ማስታወቂያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልታደሰ የድሩፓል 7 ድረ ገጽ ሁሉ እንደ ተደፈረ ተቆጥሮ መመርመር እንዳለበት ገለጠ። በእኛ አገር ሰዓት ቢሰላ፥ ማስታወቂያው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወጥቶ ጊዜው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አለቀ ማለት ነው። ራቱን በልቶ የተኛ ሰው ሲነጋ ዘግይቷል። ዘግይቶ ማደስም በሩን ይዘጋ ይሆናል እንጂ፥ አስቀድሞ ገብቶ በጓሮ ሌላ ስውር በር የከፈተውን ሌባ አያስወጣም። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በአሜሪካ ኢኩዊፋክስ የተባለው፥ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግበው ኩባንያ የደረሰበት ጉዳትም ከዚህ የተነሣ ነው። አፓቼ ስትረትስ ለተባለው ፕሮግራም ጥገና በየካቲት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ወጥቶ ነበር፤ ኩባንያው ግን አንዱን ድረ ገጹን ሳያድስ ቀረ። ሌቦች በግንቦት ገብተው እስከ ሐምሌ ድረስ ተመላለሱ፤ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የግል ማስረጃም ተወሰደ። ጥገናው በነጻ የሚገኝ ነበር፤ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን በጊዜው የሚያድስ እጅ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚሰሙ ምክንያቶች

ሰዎች ለምን እንደማያድሱ ሲጠየቁ የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ነው። አራቱን እመልሳለሁ።

አንደኛው «የእኛ ድረ ገጽ ትንሽ ናት፤ ማን ይፈልጋታል?» የሚል ነው። ድረ ገጾችን እየዞረ የሚያንኳኳው ግን ሰው ሳይሆን ሰው ያሰማራው ፕሮግራም ነው፤ እርሱም ትልቅና ትንሽ አይለይም። የክበባችንን ሰርቨር የጎብኚዎች መዝገብ ገልጬ ሳነብ፥ እኛ ጭነናቸው የማናውቅ ፕለጊኖችን ስም እየጠሩ የሚፈልጉ ብዙ ጥያቄዎች አይቻለሁ። ይህ ማንነታችንን ሳያውቅ በየደጁ የሚሞክር መሆኑን ያሳያል። ትንሿን ድረ ገጽ የያዘ ሌባ የሐሰት መልእክት ይልክባታል፤ ወይም ሰው የሚታለልበት የሐሰት የባንክ ገጽ ይደብቅባታል። ከዚህም በላይ የተማሪዎች ስምና የወላጆች ስልክ ቁጥር በውስጧ ተቀምጦ እንደ ሆነ ጉዳቱ የድረ ገጿ ብቻ አይሆንም። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰውን ማስረጃ የተቀበለ የመጠበቅ አደራ አለበት።

ሁለተኛው «እድሳት ዳታ ይበላል፤ ኔትወርክም ይቋረጣል» የሚል ነው። ይህ ስልካችንን ስናድስ እውነት ነው። በኪራይ በያዝነው ሰርቨር ላይ ግን አዲሱን እትም የሚያወርደው ሰርቨሩ ራሱ በራሱ መስመር ነው። እኛ የምንልከው ትእዛዝ ብቻ ስለ ሆነ የሚፈጀው ዳታ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው «ሲታደስ ይበላሻል» የሚል ነው። ይህ ምክንያት እውነት አለው፤ አዲስ እትም ከአሮጌ ፕለጊን ጋር የማይስማማበት ጊዜ አለና። መድኃኒቱ ግን ማደስን መተው ሳይሆን አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ነው። ቅጂው ፋይሎቹንም የመረጃ ቋቱንም ማጠቃለል አለበት። ከሰርቨሩ ውጭ በሌላ ሥፍራ መቀመጥ አለበት፤ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ የሚቃጠል ቅጂ ምን ይጠቅማል? አልፎ አልፎም ከቅጂው ላይ ድረ ገጹን መልሶ በማቆም መሞከር ይገባል። ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ ተስፋ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም።

አራተኛው «እድሳቱ ራሱ ተንኰል ቢኖርበትስ?» የሚል ነው። ይህም ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ዲስፕሌይ ዊጅትስ የተባለው፥ ከ200,000 በሚበልጡ ድረ ገጾች ላይ የነበረ ፕለጊን በ2009 ዓ.ም. ለሌላ ሰው ተሸጠ፤ ከዚያም በኋላ በወጡት እትሞች ውስጥ ተንኰል ተገኝቶበት ከዎርድፕሬስ ማከማቻ ተወገደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ፕለጊን ማብዛት እንደማይገባ ነው። እያንዳንዱ ፕለጊን ለአንድ የማናውቀው ሰው የቤታችንን ቁልፍ እንደ መስጠት ነውና፥ ለሚያስፈልገን ብቻ እንስጥ። በተለይም በገንዘብ የሚሸጠውን ፕለጊን ወይም ንድፍ ተሰብሮ በነጻ ሲታደል አግኝቶ መጫን፥ ሌባውን ራሱን ዘበኛ አድርጎ እንደ መቅጠር ይቈጠራል።

በትምህርት ቤት ዐቅም ምን ይደረግ?

ሥራው ትልቅ ዕውቀትና ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትጋት ነው። እኔ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች እመክራለሁ።

1. በራሱ መታደስ የሚችለውን በራሱ እንዲታደስ መተው። ዎርድፕሬስ ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ትንንሾቹን የጥገና እትሞች ራሱ ይጭናል። ከነሐሴ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፕለጊኖችና ንድፎችም ባለቤቱ ከፈቀደ በራሳቸው ይታደሳሉ። ይህን ፈቃድ መስጠት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

2. በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን መድቦ ድረ ገጹን መጎብኘት። በዚያን ቀን ያልታደሰ ነገር መኖሩ፥ መጠባበቂያ ቅጂው መያዙ፥ የማይታወቅ ስም በተጠቃሚዎች መዝገብ ውስጥ አለመግባቱ ይታያል።

3. የማይሠራበትን ፕለጊን ማጥፋት። ሥራውን ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ፋይሉ በሰርቨሩ ላይ እስካለ ድረስ ቀዳዳውም ከእርሱ ጋር ሊኖር ይችላል።

4. ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስምና የይለፍ ቃል መስጠት። አንድ የይለፍ ቃል ለክበቡ አባላት ሁሉ ከሆነ ማን ምን እንደሠራ አይታወቅም። ከተቻለም በስልክ ላይ ካለ ፕሮግራም የሚነበብ ሁለተኛ ቁጥር እንዲጠየቅ ማድረግ ይገባል።

5. ርክክብን በጽሑፍ ማድረግ። ይህ ለትምህርት ቤት ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ድረ ገጹን የሚያውቀው ተማሪ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ድረ ገጹ ግን ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ኃላፊ የሆነ መምህርና ቢያንስ ሁለት ተማሪዎች ሥራውን በአንድነት ይወቁት። የድረ ገጹ ስም የሚታደስበት ቀን፥ ሰርቨሩ የተያዘበት ድርጅት፥ ቅጂው የተቀመጠበት ሥፍራ በመዝገብ ተጽፎ ይቀመጥ። የሚመረቀው ተማሪም በፊርማ አስረክቦ ይሂድ፤ ስሙም ከድረ ገጹ ተጠቃሚዎች መዝገብ ይሰረዝ።

ለጓደኞቼ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ስለ ቀዳዳ ያወቀ ሰው በሌላ ሰው ድረ ገጽ ላይ ልሞክረው እንዳይል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሳይፈቀድ በሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። መሞከር የፈለገ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ድረ ገጽ አቁሞ ይሞክር፤ የሌላ ሰው ድረ ገጽ ቀዳዳ እንዳለበት ያየም ለባለቤቱ በትሕትና ይንገር።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ መምህራን ለዚህ ሥራ በሳምንት አንድ ሰዓትና አንድ ኃላፊ እንዲመድቡ፥ ወላጆችም ስልክ ቁጥራቸውንና የልጆቻቸውን ስም ለድረ ገጽ ሲሰጡ «የሚጠብቀው ማን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ የጥገና ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ ነገ አደርገዋለሁ ሳንል በዚያው ቀን እናድስ። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለት ይህ ነው።