በቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ ስለት ስለ ማውጣት

የዶለዶመ ቢላዋ ከስለታሙ ይልቅ ያሰጋል። ሥጋው አልቆረጥ ሲል እጅ ኃይል ይጨምራል፤ ቢላዋውም ተንሸራቶ ጣትን ያቆስላል። ስለዚህ ቢላዋ መሳል የባልትና ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የመሳያ ድንጋይ በገንዘብ መግዛት ግድ አይደለም። አገሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ የሞላበት ነውና፣ ከወንዝ ዳር ደቃቁንና ልሙጡን መርጦ፣ ውኃ እያጠጡ ከሌላ ድንጋይ ጋር በማፋተግ ገጹን ማስተካከል ይበቃል። ይህም ባይገኝ የተገለበጠ የቡና ሲኒ መቀመጫ ላይ ያለው ሻካራ ቀለበት ለትንሽ ቢላዋ ያገለግላል። የቢላዋው ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጀርባውን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሁለቱንም ጎን እኩል መሳል ነው። በመጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ በጣውላ ላይ ወጥሮ፣ ጀርባው እየቀደመ ስለቱ እየተከተለ ቢጎተት፣ በጫፉ የቀረው ቀጭን የብረት ትርፍ ይጠፋል። በነጠላ የተነፋ አመድ በጥቂት ዘይት ለውሶ ቆዳውን መቀባት ይረዳል፤ ነገር ግን አመድ ያወለውላል እንጂ የዶለዶመውን አይስልም። ከዚህ በኋላ ቢላዋውን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል።

የምላጭ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አሮጌ ምላጭ በብርጭቆ ውስጥ ወይም በቆዳ ላይ ሲታሽ ጥቂት ስለት ያገኛል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ የተሳለው ንጹሕ ይመስላልና። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ለዓይን በማይታይ የደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ቆዳው አይቀቀልም፤ ስለዚህ የአንዱን ሰው ደም ወደ ሌላው ምላጭ ሊያሻግር ይችላል። ኤች አይ ቪም በጋራ ምላጭ ሊተላለፍ ይችላል። እንግዲህ ለገላ የሚሆን ምላጭ ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ከሁሉ የሚከፋው እንዲህ ባለ ምላጭ የሕፃን እትብት መቁረጥ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ዘር በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ ውኃ ማፍላትም ሁልጊዜ አይገድለውም። ስለዚህ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ክትባቱን ትውሰድ፤ ወሊዱም በጤና ተቋም ይሁን።

መምህራንም በክፍል ውስጥ እርሳስ የሚቀረጽበትን ምላጭ ይመልከቱ፤ ከቤት ተጥሎ የመጣ ሊሆን ይችላልና። ያገለገለውን ምላጭ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅሞ፣ ሲሞላ ከነቆርቆሮው በመጸዳጃ ጉድጓድ መጣል ይገባል።