ያየነውና የገመትነው
(የአማርኛ ድርሰት ትምህርት)



ተከታታይ ድራማ ስትመለከቱ ታሪኩ ልብ በሚሰቅል ቦታ ላይ ተቋርጦባችሁ ያውቃል? ያን ጊዜ ከተመልካቹ መካከል ዝም የሚል አይገኝም። አንዱ «እሱ ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ እሷ ናት» ይላል። በዛሬው ትምህርታችን እንዲህ ያለውን ስሜት በጽሑፍ እንዴት እንደምንገልጽ እንማራለን።

ምሳሌ የሚሆነን «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ታሪኩ በነዳጅ ዘይትና በከብት እርባታ ስለ በለጸገ የቴክሳስ ቤተሰብ ነው። የቤቱ የበኩር ልጅ ጄ. አር. ዩዊንግ ወዳጅ ዘመድ የማይምር ተንኮለኛ ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1980 በታየው የዓመቱ የመጨረሻ ክፍል ጄ. አር. በምሽት ብቻውን ቢሮው ውስጥ ሳለ ኮሽታ ይሰማል። ሊያይ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ተተኩሶበት ይወድቃል። ተኳሹ አልታየም። ድራማውም እዚያው ላይ አበቃ።

ተመልካቹ መልሱን ያገኘው ከ8 ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1980 ነው። በመካከሉ የተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ስለነበረ ጥበቃው ረዘመ። «ጄ. አር.ን የተኮሰበት ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በካናቴራ ላይ እስከ መታተም ደረሰ። መልሱ በታየበት ምሽት በአሜሪካ ብቻ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። በታሪኩ ውስጥ ፖሊስ የጠረጠረው ሚስቱን ሱ ኤለንን ነበር። ተኳሿ ግን የሚስቱ እኅት ክሪስቲን ሆና ተገኘች።

ልብ በሉ! የመጋቢቱ ክፍል መጨረሻ ያሳየው ጥቂት ነው፦ ኮሽታ፣ ተኩስና የወደቀ ሰው። የቀረውን የሞላው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ አስተያየት ስትጽፉ ሦስት ነገሮችን ለዩ።

1. ያየሁት፦ «አየሁ»፣ «ሰማሁ» በሚሉ ግሦች ይጻፋል።
2. የተሰማኝ፦ ደነገጥኩ፣ ተናደድኩ፣ አዘንኩ። ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ።
3. የምገምተው፦ «ይመስለኛል»፣ «ምናልባት»፣ «ሳይሆን አይቀርም» በሚሉ ቃላት ይገለጻል።

ምሳሌ፦ «ጄ. አር. ሲወድቅ አየሁ። ክፉ ሰው ቢሆንም ደነገጥኩ፤ ብቻውን ነበርና። የተኮሰችበት ሚስቱ ሳትሆን አትቀርም፤ ብዙ በድሏታል።»

ይህ ግምት ትክክል አልነበረም። ጸሐፊው ግን አልዋሸም፤ ግምቱን ግምት ብሎታልና። «ሚስቱ ተኮሰችበት» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ባልሠራችው ነገር በፈረደባት ነበር።

ሱ ኤለን የድራማ ሰው ስለሆነች አትጎዳም። በካምፕ ውስጥ ግን «የሰረቀው እከሌ ነው»፣ «የእነ እከሊት ጉዳይ ውድቅ ሆኗል» የሚል ወሬ ጠዋት ከውኃ ሰልፍ ላይ ተነሥቶ ማታ በየቤቱ ይደርሳል። በመንገድ ላይ «ይመስለኛል» የምትለዋ ቃል ስትጠፋ የሰው ስምም አብሮ ይጠፋል። በቦታው ያልነበረ ሰው የሚያምነው የእናንተን ቃል ነውና ተጠንቀቁ።

መልመጃ

ሀ. በቅርብ ያያችሁትን ድራማ ወይም የሰማችሁትን ተረት መጨረሻ በ10 መስመር ጻፉ። ያያችሁትን ወይም የሰማችሁትን፣ የተሰማችሁንና የገመታችሁትን በየአንቀጹ ለዩ።

ለ. ደብተር ተለዋወጡ። ጓደኛችሁ ግምቱን እንደ እውነት የጻፈበት ቦታ ካለ ከሥሩ አስምሩበትና አብራችሁ አርሙት።