ከተማ ወደ ማሳ ሲመጣ

ደብረ ማርቆስ በጥንት ስሟ መንቆረር ትባል ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ በዙሪያዋ ያለው የጎዛምን ገበሬ ማሳ ፕላን ውስጥ ይገባል። ፕላን ማለት መንገዱ፣ ገበያውና መኖሪያው የት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያሳይ ካርታ ነው። የውኃ ቧንቧና የመብራት ምሰሶም መንገዱን ተከትለው ይዘረጋሉ።

አንዳንዱ ገበሬ «መሬቴ ሊወሰድብኝ ነው» ብሎ ሲሠጋ በደላላ በኩል በስውር ይሸጣል። ገዢውም መንገድ በተባለው ቦታ ላይ ጎጆ ይቀልሳል። ይህ ሁለቱንም ይጎዳል። ለምን ቢሉ፣ በ1967 ዓ.ም. ከወጡት የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች ወዲህ መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ገዢው የያዘው ወረቀት ሕግ ፊት አይቆምም። ሻጩም ካሣ የሚጠይቅበትን ማሳ ከእጁ አውጥቷል።

ሕጉ ግን ለባለይዞታው መብት ሰጥቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ገበሬው አስቀድሞ እንዲነገረው፣ ካሣውም ሳይነሣ በፊት እንዲከፈለው ያዛል። ካሣው የአፈሩ ዋጋ አይደለም፤ በላዩ ላለው ቤት፣ ዛፍና ሰብል፣ እንዲሁም ለሚቋረጠው ገቢ ነው። ቅር የተሰኘ ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል።

እንግዲህ አውራ ጣታችሁን ከማተማችሁ በፊት ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡ። የማሳው ስፋት ልክ ነው ወይ? ዛፉ ሁሉ ተቆጥሯል ወይ? ቀኑስ ተጽፏል? ቀኑን ያላነበበ ሰው 30ው ቀን ሲያልፍበት አያውቅም።

ጥያቄ፦
1. ፕላን ምንድን ነው?
2. መሬትን በስውር መሸጥ ማንን ይጎዳል? እንዴት?
3. ካሣ ለምን ለምን ይከፈላል?