ከባቄላ ሥር እስከ ብረት፦ ናይትሮጅን እንዴት አሞኒያ ይሆናል?

በጎንደር ያረሱ ወላጆቻችን ባቄላ በከረመበት ማሳ ላይ ጤፍ ሲዘራ እንደሚያምር ያውቃሉ። እዚህ ቂርያት ጋት ሆነን በኬሚስትሪ የምናጠናውም ምክንያቱን ነው።

ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በዕብራይስጥ ሀንካን የምንለው። ሁለቱ አተሞቹ በሦስት ቦንድ ስለተሳሰሩ ሰብል በቀጥታ አይጠቀምበትም። ቦንዱን ለማላላት ካታሊስት፣ ማለትም ዘራዝ ያስፈልጋል፤ ራሱ ሳያልቅ ሥራን ያፋጥናል።

ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 አሞኒያ የሠራው በውዱ ኦስሚየም ነበር። አልዊን ሚታሽ በርካሽ ብረት ተካው፤ አያቶቻችን ማረሻ በቀጠቀጡበት ያው ብረት! በ1913 በጀርመን ኦፓው ፋብሪካ ተከፈተ። ብረት ከሽግግር ብረታ ብረት አንዱ ነው፤ ለናይትሮጅን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ቦንዱን ያላላል፣ ከዚያ ሃይድሮጅን ይያያዛል። ዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራው ከዚህ አሞኒያ ነው። ሥራው ግን 400 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና ከአየር ግፊት ከ100 እጥፍ በላይ ይጠይቃል።

በባቄላ ሥር እባጮች ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያንኑ በአፈር ሙቀት ይሠሩታል። ናይትሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይማቸው ብረትና ሞሊብደነም ይዟል። በ2003 ያንዱሎቭና ሽሮክ በሞሊብደነም ውህድ በክፍል ሙቀት አሞኒያ ሠሩ፤ ካታሊስቱ ግን ከጥቂት ዙር በኋላ ደከመ።

ኢትዮጵያ ዛሬም ማዳበሪያ የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። የማይደክም ካታሊስት ቢገኝ፣ በትንሽ ፋብሪካ ለገበሬው በቅርቡ ማምረት ይቻል ይሆናል። እስከዚያው ቤት ስንገባ ወላጆቻችንን እንጠይቅ፦ ከጤፍ በፊት ምን ትዘሩ ነበር?