ጨዋታ ለሕፃናት አእምሮ የሚሰጠው ጥቅም

ብዙ ወላጆች ልጃቸው ሲጫወት ባዩት ጊዜ ቀኑን በከንቱ የሚያሳልፍ ይመስላቸዋል። አንዳንድ መምህራንም ተማሪ ባጠፋ ጊዜ የዕረፍቱን ሰዓት በመከልከል ይቀጡታል። እኛ ግን ጨዋታ ለሕፃን አእምሮ እንደ ምግብ የሚያስፈልግ መሆኑን ልናስረዳ እንወዳለን።

በየደጃችን ያለውን ጨዋታ እንመልከት። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን በየጉድጓዱ ሲያድል መቍጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ይለማመዳል። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ በአንድ እግሯ ስትዘል ሰውነቷን ማዘዝንና ተራዋን በትዕግሥት መጠበቅን ትማራለች። እንቆቅልሽ የልጁን ቃላት ያበዛል፤ የነገርንም መመሳሰል እንዲያስተውል ያደርገዋል። በዕቃ ዕቃ ጨዋታ ደግሞ ልጆች እናትና አባት፣ ሻጭና ገዢ እየሆኑ ከባልንጀራ ጋር መስማማትን ይለምዳሉ።

ይህም ነገር በጥናት ተረጋግጧል። በጃማይካ አገር በኪንግስተን ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በምግብ ጕድለት እድገታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናት በአራት ክፍል ተመድበው ለሁለት ዓመት ተጠኑ። ለአንደኛው ክፍል በወተት የተዘጋጀ ምግብ ተጨመረለት። ለሁለተኛው የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ወደ ቤት እየሄደች፣ እናቲቱ በቤት ከተገኘ ዕቃ በተሠራ መጫወቻ ልጅዋን እንዴት እንደምታጫውት ታሳያት ነበር። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው አንዱንም አላገኘም። በመጨረሻም ምግብና ጨዋታ አብረው ያገኙት ሕፃናት በአእምሮ እድገት ከሁሉ በለጡ። ልጆቹ 22 ዓመት ያህል በሆናቸው ጊዜም፣ ጨዋታ የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ገቢያቸው በ25 በመቶ በልጦ መገኘቱ በዚያው አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ተገለጠ። ስለዚህ ምግብና ጨዋታ አብረው ሊሰጡ ይገባል እንጂ አንዱ የሌላውን ስፍራ አይተካም።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን የሚከተለውን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።

1ኛ/ ልጅ በየቀኑ የሚጫወትበት ጊዜ ይሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በትጋት እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል።

2ኛ/ የመጫወቻው ስፍራ ከመኪና መንገድ፣ ከጉድጓድና ከቆሻሻ የራቀ ይሁን። ልጁም ከጨዋታ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

3ኛ/ ውድ መጫወቻ መግዛት አያስፈልግም፤ የጨርቅ ኳስ ይበቃል። ነገር ግን ለትንሽ ሕፃን ሊውጠው የሚችል ጠጠር ወይም ቍልፍ አይሰጠው።

4ኛ/ መምህር የዕረፍትን ሰዓት በመከልከል ተማሪን አይቅጣ፤ ዕረፍቱ የትምህርቱ ክፍል ነውና።

5ኛ/ ወላጅ ሥራ ቢበዛበትም በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ ከልጁ ጋር ይጫወት፤ ያነጋግረውም። ይህን ለመፈጸም ገንዘብ አያስፈልግም፤ ፈቃድ ብቻ ይበቃል።