ኮረንቲ የያዘው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው

በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥታችሁ ደባርቅ ለሰፈራችሁ የጊች ሰዎች፣ ለጎረቤቶቻችሁም፦

ተራራው ላይ የሚፈራው መብረቅ ነው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዱና የተላጠው ገመድ።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትሳቡ። መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ያለው ማጥፊያ ይጥፋ። ከምሰሶ የወደቀ መስመር ከሆነ በእንጨትም እንዳትነኩት! ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ልጅና ከብት አታስጠጉ፣ 905 ደውላችሁ አስጠፉ። መብረቅ የመታው ግን ሰውነቱ ላይ የሚቀር ኮረንቲ የለም፤ ሳትፈሩ ወዲያው ያዙት።

ትንፋሽ ከሌለው አንዱ 907 ይደውል፣ ሌላው የደረቱን መሃል በሁለት መዳፉ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ይጫን። ሲደክመው ሌላ ሰው ይቀበለው። አፈር አታልብሱት፤ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃም ወተትም አታጠጡ።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ተነስቶ ወደ ሥራው የሚመለሰው ነው። ኮረንቲ የገባበትና የወጣበት ቆዳ ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ትቶ፣ በመካከል ያለፈበትን ጡንቻ፣ ነርቭና የደም ሥር ሊያቃጥል ይችላል። የልብንም ምት ያዛባል። ይህን ከላይ አይቶ የሚያውቅ የለምና ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ዳባት የሚቀርባችሁ ወደ ዳባት። የልቡ ምት በኢሲጂ ይታይለት። ራሱን ስቶ የነበረ፣ ደረቱን የሚወጋው፣ እጅ እግሩ የደነዘዘ፣ ከጣሪያ ወይም ከምሰሶ የወደቀ፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆዩ። ሽንቱ እንደ ጠላ ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊቱን እያወከ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለነገ አያድርም።

ቃጠሎውን ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። መስመሩ መጥፋቱን አረጋግጣችሁ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

እናቶች፣ ገመድ ነክሶ ከንፈሩ የተቃጠለ ሕፃን የዳነ መስሏችሁ እንዳትዘናጉ። ከሳምንት በኋላም ቅርፊቱ ሲነሳ ደሙ ሊንዠቀዠቅ ይችላል። ያን ጊዜ ከንፈሩን በንጹሕ ጨርቅ ከውስጥም ከውጭም ቆንጥጣችሁ ይዛችሁ ሩጡ።

ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ የያዘው የቤት መስመር ይሁን የትራንስፎርመር፣ የት እንደነካው፣ ምን ያህል ይዞ እንደቆየ፣ ራሱን ስቶ እንደነበር ንገሩ። ወደ ጎንደር ሪፈር ከተጻፈለት ቤት አታሳድሩት፤ በዚያው መኪና ይሂድ።